ስክሪኑ «ዛሬ ቀጠሮ የለም» ያለበት ጠዋት

ፕሮግራመር ከመሆኗ በፊት አሥራ አንድ ዓመት በክሊኒክ ካርድ ክፍል ሠርታለች። ወንበሯን ለቃ ኮድ እንድትማር የገፋፏት የዚያው ክሊኒክ የኩላሊት እጥበት ክፍል ኃላፊ ናቸው፤ ሰው ሁሉ «ሲስተር» ይላቸዋል። «በሠላሳ ስድስት ዓመቴ?» ብላ ስትስቅ፣ «ባትማሪም አርባ መሙላትሽ ላይቀር!» አሏት። ተማረች። ዛሬ አርባ አንድ ሞልቷታል፤ ያቺን ቃል ሳታነሳ የምትውልበት ሳምንት የለም።

የምትሠራው ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮቱ በካርቶን ቁራጭ ተወትፎ በተዘጋ ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ፊት ለፊቷ የሚቀመጠውን ባልደረባዋን «ጓዳው» ትለዋለች፣ እሱ ደግሞ «እትዬ ሳሎን» ይላታል። ቅጽል ስሞቹ ሥራቸውን በትክክል ይገልጻሉ። ማንኛውም የድረ ገጽ ሥራ ሳሎንና ጓዳ አለው። ሳሎኑ እንግዳ የሚያየው ነው፤ ዝርዝሩ፣ ቁልፉ፣ ቀለሙ። ጓዳው መረጃው የሚቀመጥበት ሰርቨር ነው። ሳሎን የጎደላትን ጓዳን ትጠይቃለች፣ ጓዳ ያቀብላል።

ለሲስተር ክፍል የሠሩት አንድ የግድግዳ ስክሪን ነበር። የትኛው ታካሚ፣ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው ማሽን እንደሚታጠብ ያሳያል። ሲስተር አለቆቻቸውን ያሳመኑት «የሠራችው የኔ ልጅ ናት» ብለው ነው።

መጀመሪያ ላይ ያስቸገራቸው የስም ነገር ነበር። ጓዳው ሰርቨሩ ላይ የአንድን መረጃ ስም ሲቀይር ደረጃ ላይ ሲተላለፉ በቃል ይነግራታል፤ እሷ ፎቁን ወጥታ ሳትጨርስ ትረሳዋለች። ስለዚህ ሌላ ዘዴ አመጣች። ሰርቨሩ ራሱ ምን እንደሚጠየቅና ምን እንደሚመልስ፣ ቁጥር ይሁን ጽሑፍ፣ ሊጎድል ይችል እንደሆነ ጭምር በዝርዝር ይጽፋል። ከዚያ ዝርዝር ኮምፒውተሩ መልእክተኛ ይሠራል፤ ከሳሎን ወደ ጓዳ እየተላከ መረጃ የሚያመጣ ኮድ ማለት ነው። ዝርዝሩ ላይ የሌለ ነገር ከጠየቀች፣ ሥራው ከጠረጴዛዋ ሳይወጣ ገና ስትጽፍ ከኮዷ ሥር ቀይ መስመር ይሰመራል። እንዴት ያለ በረከት ነው! ስህተትን ታካሚው ሳይሆን ጸሐፊዋ ቀድማ ታየዋለች።

በመጀመሪያው ቀን ቀይ መስመር ሲወጣ ከወንበሯ ተነሳች።

«አንተ! ‹ወንበር› የነበረውን ‹ማሽን› አልከው አይደል? ያዝኩህ!»

«ልነግርሽ ስል እኮ ስልክ ላይ ነበርሽ።»

«ውሸትህን ነው። ከእንግዲህ ብትነግረኝም ባትነግረኝም ግድ የለኝም!»

የቀረው መልእክተኛውን ከአሳላፊው ጋር ማገናኘት ነው። አሳላፊው በሳሎን በኩል ያለ መሣሪያ ነው፤ መልእክተኛው መቼ እንደሚላክ ይወስናል፣ የመጣውን ያስቀምጣል፣ መልእክተኛው ካልተሳካለት ደግሞ መልሶ ይልከዋል። በሁለቱ መካከል የሚያስፈልገው አምስት መስመር ኮድ ብቻ ነበር። ስትጽፈው ቀይ መስመር ወጣ፦ መልእክተኛው ምንም ላያመጣ ይችላል የሚል። ሰዓቱ ሄዶ ስለነበር «ምንም ካላመጣ ባዶ ዝርዝር ነው በለው» ብላ ጻፈች፤ ቀጠሮ የለም እንደማለት። መስመሩ ጠፋ። ሁለት ሳምንት ሁሉም ነገር ሰላም ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ስልክ ተደወለ።

«አንቺ ልጅ፣» አሉ ሲስተር፣ «ስክሪንሽ ‹ዛሬ ቀጠሮ የለም› ብሎ ሰው ወደ ቤቱ ሸኘብኝ።»

አሥራ ሁለት ታካሚ ተቀምጦ ነበር። አንዲት አዲስ ነርስ ስክሪኑን አምና ቀድመው የጠየቋትን አንድ ሽማግሌ «ዛሬ ተራዎ አይደለም» ብላ መለሰቻቸው። ጥበቃው ሮጦ አውቶብስ ሊሳፈሩ ሲሉ ደረሰባቸው። ኩላሊቱ ለደከመ ሰው አንድ የእጥበት ቀን መዝለል ቀልድ አይደለም።

«እስከ ዓርብ እጠብቅሻለሁ። ካልሆነ ከግድግዳው ይወርዳል፣ እኔም ወደ ደብተሬ እመለሳለሁ።»

ስልኩን አስቀምጣ የሆነውን ነገረችው። ጓዳው ወንበሩን ጎትቶ አጠገቧ ተቀመጠና የሰርቨሩን መዝገብ ከፈተ።

«እኔ ጋ ያለው አልዋሸም። ይኸው፣ ‹የይለፍ ቁልፍሽ ጊዜው አልፎበታል፣ አልሰጥም› ብሏል።»

«ታዲያ ሳሎን ለምን ‹ቀጠሮ የለም› አለች?»

«እሱንማ ሳሎንን ጠይቂ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ይህ መልእክተኛ ሲመለስ በአንድ እጁ ዕቃውን፣ በሌላው የእምቢታውን ምክንያት ይዞ ይመጣል። ምንም ቢፈጠር ‹አልተሳካልኝም› ብሎ አይጮኽም። አሳላፊው ደግሞ ጩኸት ካልሰማ ሁሉ ደህና ነው ብሎ ያምናል። ልጅ ሱቅ ተልኮ ባዶ እጁን ሲመለስ «ዕቃው የለም» እና «ሱቁ ተዘግቷል» አንድ አይደሉም። እሷ ሁለተኛውን እጅ ሳታይ አንዱን ብቻ አንብባ፣ ለባዶውም «ባዶ ዝርዝር» የሚል ስም ሰጥታዋለች።

«ነግሮኝ ነበር እኮ!» አለች ጭንቅላቷን ይዛ። «መስመሩ ነግሮኝ አፉን ያስያዝኩት እኔ ነኝ።»

«እኔም ብሆን አስይዘው ነበር» አለ ጓዳው። በዚያች ሰዓት ከዚህ የሚበልጥ ደግ ቃል ከየት ይመጣል?

«ባዶ ዝርዝር ነው በለው» የሚለውን አጠፋች። በቦታው «በሌላው እጁ ምክንያት ከያዘ ጩኽ» ብላ ጻፈች። ያኔ የሆነው ነገር የዚህ ሥራ ትልቁ ውበት ነው፦ ቀይ መስመሩ ማንም ሳያባብለው በራሱ ጠፋ። ሳይጮኽ የሚያልፍ መልእክተኛ ዝርዝሩን በእርግጥ እንደያዘ ኮምፒውተሩ ራሱ ገባው። አሳላፊውም ጩኸቱን ሲሰማ ምን እንደሚያሳይ አዘዘችው፤ ጓዳውም ጊዜው ያለፈበትን ቁልፍ አደሰ።

ዓርብ ክሊኒክ ሄደች። ሲስተር እጃቸውን አጣምረው ስክሪኑ ፊት ቆሙ። እሷ ለጓዳው ደውላ «አሁን ቁልፉን ከልክል» አለችው። ትንሽ ቆይቶ ዝርዝሩ ደበዘዘ፣ ከላይም ቢጫ መደብ ወጣ። ሲስተር መነጽራቸውን አስተካክለው ጮክ ብለው አነበቡ፦ «አዲስ መረጃ ማግኘት አልተቻለም። ይህ የሦስት ሰዓት ተኩሉ ዝርዝር ነው። ከደብተር ያረጋግጡ።»

«አላውቅም ማለቱ ነው?»

«አዎ፣ ሲስተር።»

«እዚህ ቤት ይህን ቃል ሳይለምዱ ጡረታ የወጡ ሐኪሞች አሉ።» ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉት። «ይቆይ። አይወርድም።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ሲስተር። ስለጠበቁኝ።»

«እኔን ተይኝ፤ ሄደሽ ሽማግሌውን ይቅርታ ጠይቂ። ሰባተኛው ማሽን ላይ ናቸው።»

ሄደች። ሽማግሌው ክንዳቸውን ለማሽኑ ሰጥተው ጋዜጣ በአንድ እጃቸው ለመግለጥ ይታገላሉ። ጎንበስ ብላ፣ ማክሰኞ ዕለት ያስመለሳቸው የእሷ ስህተት መሆኑን ነገረቻቸው።

«አንቺ ነሽ እንዴ?» አሉና አዩዋት። «እኔ እኮ ዕረፍት የተሰጠኝ መስሎኝ እያፏጨሁ ነበር የወጣሁት! ያ ጥበቃ ነው ደስታዬን ያበላሸው።»

ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል። ወንበር ስባ ተቀመጠችና ጋዜጣውን ገለጠችላቸው።