ወላሂ ሄዷል

እህቴ ወላሂ ካለች አለቀ። ቡታጅራ መናኸሪያው አጠገብ ያለችው የኮምፒውተር ቤቷ የቆመችው በዚያች ቃል ነው። ሰው ማመልከቻውን ስካን አስደርጎ በእሷ ያስልካል፤ «እርግጠኛ ነሽ?» ብሎ ሲጨቀጭቃት ስክሪኑን ታያለች። «ተልኳል» የሚል ከሆነ ብቻ «ወላሂ ሄዷል» ትለዋለች። ሳታይ አትምልም።

ባለፈው ክረምት አንዲት መምህርት ተመልሳ መጣች። የዝውውር ማመልከቻዋ አልደረሰም፤ ጊዜውም አልፏል። ሰው በተሰበሰበበት «በአላህ ስም እየማልሽ ትዋሻለሽ?» አለቻት። እህቴ ወዲያው እኔ ወዳለሁበት ወልቂጤ ደወለች። «የኮምፒውተር ሰው ነኝ ትል የለ? ወይ ይህን ነገር አስተካክልልኝ፣ ወይ ቤቱን ልዝጋው» አለችኝ እያለቀሰች።

ኮምፒውተሩን በሚኒባስ ላከችልኝ። መጀመሪያ ገመዱንም መስመሩንም ጠረጠርኩ። ጉዱ ያለው ግን ድራይቨሩ ውስጥ ነው፤ ማለትም ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የኔትወርክ ካርዱን በሚያዝበት ፕሮግራም ውስጥ። ኮዱ ለማንም ክፍት ስለሆነ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ካርዱ ሲደነዝዝ የታችኛው ክፍል በደንብ አድርጎ «አልቻልኩም» ይላል። የላይኛው ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ዜሮ ይመልሳል፤ በፕሮግራም ጸሐፊዎች ቋንቋ ዜሮ «ሰላም ነው» ማለት ነው። መላኪያው ፕሮግራም ደግሞ ዜሮ ካየ «ተልኳል» ብሎ ይጽፋል። እህቴ የማለችው ዓይኑን በጨው ታጥቦ በሚዋሽ ኮድ ነው።

አንድ መስመር አስተካክዬ የምገላገል መስሎኝ ነበር። ስህተቱ ወደ ላይ እንዲያልፍ ሳደርግ ኮምፒውተሩ ድርቅ አለ። ለካ ስህተት ሲመጣ እንዲሠራ የተጻፈው ክፍል አንዴ ብቻ መልቀቅ ያለበትን የሜሞሪ ቦታ ሁለቴ ይለቃል። እሱን ሳቃና ሌላ ቦታ የተቆለፈ ነገር ሳይከፈት ቀረ። ድራይቨሩን የሠራው ሰው ኮዱን የጻፈው ካርድ የሚባል ነገር አይበላሽም ብሎ ነው። ባገኘው ምን ምን እንደምለው ለብቻዬ እያጉረመረምኩ ሰነበትኩ።

በመጨረሻ ተስተካክሎ ተመለሰላት። በማግስቱ ደወለች፤ ተናዳለች።

«ምን አድርገህ ነው የላክኸው? ከጠዋት ጀምሮ ‹አልተላከም› ይለኛል። ደንበኛ እያየኝ።»

«በቃ ተሠርቷል ማለት ነው» አልኳት። «ያኔም ካርዱ ሲደነዝዝ አይሄድም ነበር። አሁን እውነቱን መናገር ጀመረ እንጂ። ካርዱን ቀይሪውና ተገላገዪ።»

ደስ ብሎኝ ነበር፤ ታመሰግነኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ከበስተኋላዋ የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማኛል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሚያደርገው?» አለችኝ።

«ከተገዛ ጀምሮ ይመስለኛል።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ወላሂ ያልኳቸው ሰዎችስ?»