ጌም ማጫወቻውን ኮምፒውተር ያደረግንበት ሰሞን

ሥራ የጀመርኩት ሶዶ መናኸሪያ ጀርባ፣ በጋሽ ዳልኬ የጥገና ሱቅ ውስጥ ነው። የመጀመሪያው ቀን ጋሽ ዳልኬ አንድ የሞተ ራዲዮና ካቻቢቴ ሰጠኝና «ፍታው» አለኝ። ፈታሁት። «አሁን ግጠመው» አለኝ። ገጠምኩት፤ ግን ብሎን ተረፈኝ። አልተቆጣም። ብሎኖቹን መዳፉ ላይ አድርጎ አገላብጦ አየና «የሚገቡበትን እስክታገኝ ምሳ የለም» ብሎኝ የራሱን ምሳ ሊበላ ወጣ። የሚገቡበትን አገኘሁት፤ እኔ ስደርስ ግን ምግብ ቤቱ ምሳ ጨርሶ ነበር።

በእኛ ሙያ በወረቀት የተሰጠ ማዕረግ የለም። ሆኖም ሁሉም ደረጃውን ያውቃል። መጀመሪያ ፈቺ ትሆናለህ። ቀጥሎ የመበየጃ ካውያ ይዘህ የቻርጀር መሰኪያና ድምፅ ማጉያ ትቀይራለህ። ቦርድ እንድትነካ የሚፈቀድልህ ቴስተር ይዘህ ብልሽቱን ሳትገምት ማግኘት ስትችል ነው። እኔ እዚያ ድረስ ሄጃለሁ። ራዲዮው ቀርቶ ስልክ ሱቁን ሲሞላውም የስልክ ቦርድ እሠራ ነበር። ሶፍትዌር ላይ ግን እጄ አይፈታም። የሚቃጠል ነገር ይሸታል፣ የተበጠሰ ነገር ይታያል፤ የተበላሸ ፕሮግራም ግን ምኑን ይዘህ ታየዋለህ?

ይህን ክፍል የያዘችው አስናቀች ናት። የአረካ ልጅ ናት፤ ቴክኒክና ሙያ ጨርሳ ነው ወደ እኛ የመጣችው። ከገበያ ለሚመጡት በወላይትኛ፣ ከቢሮ ለሚመጡት በአማርኛ እያስረዳች ታስተናግዳለች። ደንበኛ ቸኩሎ «ዝም ብለሽ አጥፊውና አዲስ ጫኚበት» ሲላት «ማጥፋቱ አይከብድም፤ መጀመሪያ ልገልብጠው» ትለዋለች። አንድ ጊዜ አንዲት እናት ስልካቸው ተሠርቶ ከተሰጣቸው በኋላ የልጃቸው ሠርግ ፎቶ እንደሌለ አይተው ሱቁ በር ላይ ጮኹ። አስናቀች ወንበር ሰጠቻቸውና ፎቶውን ሁሉ ከኮምፒውተሯ አውጥታ መለሰችላቸው። እሳቸው ሲመርቋት እኔ ሥራዬን አቁሜ አየኋት። እኔ ብሆን ኖሮ አልገለብጠውም ነበር።

ልነግራችሁ የተነሣሁት ወይዘሮ አማረች ከቦምቤ በመጡበት ሰሞን ስለሆነው ነው።

ወይዘሮ አማረች በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ገቡ። ሲፈቱት የጌም ማጫወቻ ሆኖ አገኘነው፦ በሁለት እጅ የሚያዝ፣ መሃሉ ላይ ስክሪን፣ ግራና ቀኙ ላይ ቁልፍና በአውራ ጣት የሚገፋ ጆይስቲክ ያለው። ጋሽ ዳልኬ አነሣና መዘነው።

«ምን ሆነ? አይነሳም?» አላቸው።

«ይነሳል። ኳስም ያጫውታል» አሉ። «የኛ ሰውዬ ግን ሊጽፍበት ነው የፈለገው።»

ሰውዬው ባላቸው መምህር ቶማስ ናቸው፤ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር። ከሞተር ሳይክል ወድቀው አንገታቸው ተጎዳ፤ ከሐኪም ቤት ሲወጡ ከአንገት በታች የሚታዘዛቸው የቀኝ አውራ ጣታቸው ብቻ ነበር። መናገር ይችላሉ። ወይዘሮ አማረች እሳቸው የሚሉትን ሊጽፉላቸው ሞክረው ነበር፤ ግን ሒሳብ በቃል ማስጻፍ ሁለቱንም አድክሞ አጣላቸው። «እሱ ቅንፍ ይላል፣ እኔ ቅንፉ የት እንደሚዘጋ አላውቅም» አሉን። «እሱም ይናደዳል፣ እኔም አለቅሳለሁ።»

ጌም ማጫወቻውን የላከው ደቡብ አፍሪካ ያለው የመምህሩ ወንድም ነው፤ ጊዜ ማሳለፊያ እንዲሆናቸው። መምህሩ በአውራ ጣታቸው እየገፉ ጎል ማግባት ለመዱ። አንድ ቀን ጨዋታውን አቁመው ሚስታቸውን «ኳስ ካስገባሁ ፊደል ማስገባት እንዴት ያቅተኛል?» አሏቸው።

የቸኮሉበት ምክንያትም ነበራቸው። የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ቤታቸው ድረስ መጥቶ ነበር። ለክፍሎቹ ሁሉ መልመጃና ፈተና የሚያዘጋጅ መምህር እንደሚፈልግ፣ መምህር ቶማስ ይህን ማድረግ ከቻሉ ሥራቸው ላይ እንደሚቆዩ፣ ካልቻሉ ግን ትምህርት ሲከፈት ቦታውን ለሌላ ለመስጠት እንደሚገደድ በትሕትና ነግሯቸው ሄዷል። ትምህርት ሊከፈት ደግሞ ቀርቧል።

ጋሽ ዳልኬ ራሱን ነቀነቀ። «እቴ፣ ይሄ ዕቃ ቢሞትብን መለዋወጫው ሶዶ አይገኝም፤ አዲስ አበባም መገኘቱን እንጃ» አላቸው። እውነቱን ነው። ማጫወቻው ከፋብሪካ ሲወጣ የተጫነበት ሲስተም ኢንተርኔት ካልተገናኘ ግማሽ ሥራውን እንቢ ይላል፤ ከጨዋታ በቀር ሌላ ፕሮግራምም አያስገባም። መጻፊያ እንዲሆን ከተፈለገ ያንን አንሥቶ እንደ ኮምፒውተር የሚሠራ ሌላ ሲስተም መጫን ያስፈልጋል።

አስናቀች ማጫወቻውን ከጋሽ ዳልኬ እጅ ወሰደች። «ሳልነካው ልሞክር» አለች። «አዲሱን ሲስተም ሚሞሪ ካርድ ላይ አድርጌ ከካርዱ አስነሣዋለሁ። ካልሆነ ካርዱን አውጥቼ እንደነበረ እመልስላቸዋለሁ።»

ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም ኢንተርኔት ቤት ሄዳ አወረደች። ካርዱ ላይ ጻፈችው፤ ድምፅ መቀነሻውን ተጭና ይዛ ማብሪያውን ነካች። ተነሣ። ግን በጎኑ ተኝቶ ነበር፦ ጽሑፉ ሁሉ ከታች ወደ ላይ ይነበባል። ጋሽ ዳልኬ አንገቱን አዙሮ ለማንበብ ሲሞክር ሳቅን። አስናቀች «ስክሪኑ የስልክ ስክሪን ነው፤ ቆሞ እንዲታይ የተሠራውን አስተኝተው ነው የገጠሙት» አለችና ምስሉን የሚያዞረውን ትእዛዝ ጻፈች። ቀና አለ። ቀጥሎ ጆይስቲኩ አልታወቅ አለ፤ ለእሱም መላ አገኘችለት። ድምፁ ሲቀር ሌላው ሁሉ ሠራ። «ሒሳብ ድምፅ አይፈልግም» ብላ አለፈችው።

ከዚያ በኋላ ነው ዋናውን ሲስተም ለመንካት የደፈረችው። በውስጡ ያለውን አንድም ሳታስቀር ሃርድ ዲስክ ላይ ገለበጠች። ባትሪው እስኪሞላ ቻርጀር ላይ አቆየችው። መጫን እንደጀመረች የሱቁ መብራት ድርግም አለ። እኔ ደነገጥኩ፤ እሷ ማጫወቻውን ብቻ ነው የምታየው። በባትሪው ቀጠለ። ባትሪውን የሞላችው ለዚህ እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

ተጭኖ አለቀ። አጥፍታ ስታበራው ግን ጥቁር ሆኖ ቀረ። ጋሽ ዳልኬ ተነሥቶ በር ላይ ቆመና ባጃጆቹን ማየት ጀመረ፤ ሲጨንቀው እንዲያ ነው የሚያደርገው። አስናቀች ካርዱን መልሳ ከተተችው፤ ማጫወቻው ሲነሣ መጀመሪያ የትኛውን ሲስተም እንደሚፈልግ የሚወስነውን ቅንብር ከፈተች። አሁንም የጠፋውን የድሮውን ይፈልግ ኖሯል። አዲሱን አሳየችው። ስክሪኑ በራ። ጋሽ ዳልኬ ከበሩ ሳይዞር «በራ?» አለ። «በርቷል ጋሼ» አለችው።

ማጫወቻውን ለማድረስ እኔና እሷ አብረን ሄድን። እስከ አረካ በሚኒባስ፣ ከዚያ ወደ ቦምቤ። ወይዘሮ አማረች ቦዬ የሚባለውን ሥራ ሥር ቀቅለው ከቃሪያ ማባያው ከዳጣ ጋር አቀረቡልን። መምህር ቶማስ በትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። «ሳሮ» ብለው በወላይትኛ ሰላምታ ተቀበሉንና ቦዬውን ሳንቀምስ «አምጡት እስቲ» አሉ።

ጭናቸው ላይ በትራስ አስደግፈን አስቀመጥንላቸው። ስክሪኑ ላይ አስናቀች የጫነችው የፊደልና የቁጥር ሰሌዳ አለ፤ በጆይስቲኩ እየሄዱ የፈለጉት ላይ ሲደርሱ ጆይስቲኩን ወደ ውስጥ ይጫኑታል። ወደ ላይ ሄዱ። ወደ ግራ ሄዱ። ከዚያ ቆሙ። እንደገና ሞከሩ። ግንባራቸው በላብ ራሰ።

«ወደ ታች አይወርድልኝም» አሉ በዝግታ። «ጣቴ ይገፋል እንጂ አይስብም። ኳሱን ሁልጊዜ ወደ ላይና ወደ ግራ ነበር የምመታው።»

ወይዘሮ አማረች ፊታቸውን አዞሩ። ሱቅ ውስጥ ሁላችንም በደህና ጣታችን ሞክረነው ነበር። እኔ ልንመለስ ነው ብዬ ቦርሳዬን ፈለግኩ። አስናቀች ግን መሬት ላይ ቁጭ አለች፤ ዓይኗን ከአውራ ጣታቸው ትክክል አድርጋ «እስቲ እንደገና ያንቀሳቅሱት መምህር» አለቻቸው። ደጋግማ አስሞከረቻቸው፤ ደጋግማ አየች።

«ሁለት አቅጣጫ ነው ያለን» አለች።

የመምህሩ ድምፅ ተለወጠ። ክፍል ውስጥ የቆሙ መሰሉ። «ሁለት ይበቃል። ሰዓት ላይ ከአሥራ ሁለት በኋላ ምን ይመጣል?»

«አንድ» አልኩ እኔ፣ ተማሪ ሆኜ።

«ሰዓቱ ወደ ኋላ አይሄድም፤ ግን የማይደርስበት ቁጥር የለም። ሰሌዳው ጫፍ ላይ ስደርስ በወዲያኛው በኩል ቢያስገባኝ፣ ወደ ላይ እየሄድኩ ታች እደርሳለሁ።»

አስናቀች ሳቀች። «እንደሱ ይደረጋል!» ላፕቶፗን አወጣች። እሳቸው እየነገሯት፣ እሷ እየጻፈች፣ የሰሌዳውን ጫፍና ጫፍ አገናኙት። አብዝተው የሚጠቀሙበትን ቅንፍና እኩል ይሆናል ምልክት ጣታቸው ቶሎ የሚደርስበት ቦታ አመጣችላቸው። ጣታቸው ሲንቀጠቀጥ ፊደል እንዳይዘል የጆይስቲኩን ፍጥነት አዘገየችው። እኔ ደግሞ የመጣሁበትን አገኘሁ፦ ማጫወቻው እንዳይንሸራተት ከትራሱ ጋር የሚይዘው ማቀፊያ ከእንጨትና ከጎማ ሠራሁ።

መምህር ቶማስ መጻፍ ጀመሩ። ቀስ ይላል። አንዳንዱ ፊደል ሰሌዳውን ዞሮ ነው የሚገኘው። ማንም አላገዛቸውም። አንድ እኩልታ ጽፈው ቅንፉን ሲዘጉ ወይዘሮ አማረች ጠጋ ብለው አዩና «እዚህ ጋ ነው እንዴ የሚዘጋው?» አሉ። ሁለቱም ሳቁ፤ ከዚያ ወይዘሮ አማረች አለቀሱ። አስናቀች «ሎኦ፣ በጣም ሎኦ» እያለች ላፕቶፗን ዘጋች። በወላይትኛ ጥሩ ነው ማለቷ ነው።

ትምህርት ከመከፈቱ በፊት ወይዘሮ አማረች የመጀመሪያውን መልመጃ በፍላሽ ለርእሰ መምህሩ ወሰዱ። በኋላ ሶዶ ሲመጡ የሆነውን ነገሩን። የሒሳብ ክፍሉ ኃላፊ ደውሎ «መምህር፣ አንዱ ጥያቄ ተሳስቷል፤ መልስ የለውም» አላቸው። መምህር ቶማስም «አዎ የለውም። መልስ የለውም ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ነው የምፈልገው» ብለው መለሱለት። ኃላፊው «በቃ፣ ተመልሰዋል» ብሎ ሳቀ። ሥራቸው ላይ ናቸው፤ ዛሬም ፈተናውን የሚያወጡት እሳቸው ናቸው። ተማሪዎቹ ፈተናው ከበደን እያሉ ያማርራሉ አሉ።

በዚህ ሙያ ብዙ ጎበዝ እጅ አይቻለሁ። ጋሽ ዳልኬ የተቃጠለ ቦርድ በማሽተት ብቻ ያውቃል። እንደ አስናቀች ያለ ሠራተኛ ግን አላየሁም። ቦምቤ ላይ ሥራዋ ሳይሠራ ሲቀር በዕቃውም በሰውም አላመካኘችም፤ ዝቅ ብላ ተቀምጣ አየች። ሰውዬው የነገሯትንም ሰማች።

አሁን በሱቃችን ማንኛውንም ፕሮግራም ከመጫናችን በፊት የሚጠቀምበትን ሰው ዕቃውን አስይዘን እናያለን። መምጣት ካልቻለ እንሄዳለን። ጊዜ ይወስዳል፤ ሥራው ግን ይሠራል።