የእማ ዘሀራ አብራሪ

ባለፈው ሳምንት መካነ ሰላም መናኸሪያ አጠገብ ካለች ሱቅ ውስጥ አንዱ ደንበኛ ላምባ ደፋ። ሽታው አፍንጫዬን ሲመታው ጥርሴን ነከስኩ። ባለሱቁ ለፈሰሰው ላምባ ያዘንኩ መስሎት «አብሽር፣ ይደርቃል» አለኝ። የኔ አርባ ዓመት ሊሆነው ነው፤ እስካሁን አልደረቀም።

በልጅነቴ ላምባ ላምባ የሚሸት አንድ ሰው ነበር፤ ጋሽ መኮንን። የጎረቤታችን የእማ ዘሀራ ልጅ ነው፣ የጦር ጀት አብራሪ። ለፈቃድ ሲመጣ የሚለብሰው ቡኒ የቆዳ ጃኬት የጀቱን ነዳጅ ይሸት ስለነበር፣ ሚግ የሚሉት ነገር ክንፍ ያለው ትልቅ ኩራዝ ይመስለኝ ነበር። በሶማሊያ ጦርነት የሠራውን ጀብዱ ከተማው ሁሉ እየተቀባበለ ያወራል። አባቴ ሲያወራው አርባ ታንክ አጋየ፤ ልብስ ሰፊው ሲያወራው መቶ አርባ። ራሱ ሲጠየቅ ግን «ሦስት ቢሆን ነው፤ አንዱም ቀድሞ የተበላሸ ነበር» ብሎ ይስቅና ሁላችንንም ያሳፍረናል።

ከደብረ ዘይት ወደ አሥመራ ሲበር መንገዱን ትንሽ አጠማዝዞ በእኛ ሰማይ ማለፍ ለመደ። እማ ዘሀራ ድምፁን ሲሰሙ ነጠላቸውን ገፈው ግቢው ላይ ይዘረጉለታል፣ ቤቱን እንዲለይ። እሱም ክንፉን ወደ ግራ ወደ ቀኝ ዘንበል እያደረገ ሰላም ይላቸዋል። ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ቆርቆሮው ይንጫጫል፤ ዶሮዎቻችን ከድንጋጤ የተነሳ ለአንድ ዓመት የተጠበሰ እንቁላል ነው የጣሉት። ቀስ በቀስ ሰፈሩ በሙሉ መዘርጋት ጀመረ። ቄሱ ጋቢያቸውን፣ ሼሁ ኩታቸውን፣ እናቴ አንሶላችንን። ሰላምታው ለእናቱ ብቻ ነው ብሎ ያመነ አንድም ሰው አልነበረም። አባቴማ «ዛሬ ለኔ ነው ያዘነበለው» ብሎ ከልብስ ሰፊው ጋር ተኳርፏል።

ከዚያ ሰባ ሰባት መጣ። ጎተራው ከመራቆቱ የተነሳ አይጦቹ እንኳ ጓዛቸውን ጠቅልለው በወረኢሉ መንገድ ተሰደዱ። እየቀለድኩ የምጽፈው ሳልቀልድ ስጽፈው ብዕሩ ወረቀቱን ስለሚቀደው ነው። ከገጠር የመጣ ሰው በየአጥሩ ሥር ተኝቶ አይነሳም ነበር። የእርዳታ ስንዴ የሚሰጠው በቀበሌው ዝርዝር ስሙ ላለ ብቻ ነው። ስንዴው ሲዘገይ «ለጭነት መኪናው ነዳጅ የለም» ይሉናል። በላያችን ግን ጀቶቹ ቀን ከቀን ወደ ሰሜን ይመላለሱ ነበር። ነዳጅ የለም!

በዚያው ሰሞን ጋሽ መኮንን ከአንድ የጭነት መኪና ላይ ወረደ። ጃኬቱ የለም፣ ማዕረጉ የለም። ትእዛዝ ጥሶ ከአየር ኃይል ተባረረ ተባለ። ሳምንት ሳይሞላ አንድ ካድሬ ከደሴ መጣና ለእማ ዘሀራ ቁርጡን ነገራቸው፤ ልጅዎ በስብሰባ ፊት ቆሞ ግለ ሂስ ያድርግ፣ አለዚያ ስምዎ ከስንዴው ዝርዝር ይሰረዛል።

ወደ አዳራሹ ስንሄድ እማ ዘሀራ ክንዱን ይዘው ይለምኑት ነበር። «ፈሪ ነኝ በላቸውና እንብላ፤ ወላሂ እኔ ፈሪ ልጅ እወዳለሁ።»

«ይሄ ምን ይከብዳል፣ እማ» አላቸው።

እውነትም አልከበደውም። «ፈሪ ነኝ» አለ ገና ከመቆሙ። እማ ዘሀራ «አልሐምዱሊላህ!» ብለው ሲጮኹ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ካድሬው አልሳቀም። «ከታች የነበሩት ወንበዴዎች መሆናቸውንም እመን።»

ጋሽ መኮንን መሬት መሬት አየ። «እሱን አልልም» አለ። በቦምብ ምታ የተባለውን ገበያ ስም ጠራ። «የገበያ ቀን ነበር። ለማረጋገጥ ዝቅ ስል፣ መሸሽ ትተው ነጠላ ዘረጉልኝ። አውሮፕላን ስንዴ ይጥላል ሲባል ሰምተው ይሆናል።»

«ቦምቡንስ?»

«ሰው የሌለበት ገደል ጣልኩት።»

«የሕዝብ ንብረት ነው ገደል የጣልከው!»

«ሕዝቡ ከታች ነበር።»

እዚያ የተቀመጥን ሁሉ ለአውሮፕላን ነጠላ ዘርግተን እናውቃለን። ጋሽ መኮንን የሚያወራው ስለ እኛ መሆኑ ያልገባው ሰው አልነበረም። ካድሬው ጠረጴዛውን ደበደበና «ይህን ፀረ ሕዝብ የምታወግዙ እጃችሁን አንሱ!» አለ። ቄሱ አነሱ። ሼሁ አነሱ። ትናንት ለኔ አዘነበለ ብሎ የሚምለው አባቴ አነሳ፣ ያውም «ፈሪ!» የሚል ጨምሮበት። እኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ማንም ድምፅ አልጠየቀኝም። ሁለቱንም እጄን አነሳሁ። ከአባቴ በላይ ጮህኩ። ጋሽ መኮንን ዞሮ አየኝ፤ ቢቆጣኝ እንዴት ጥሩ ነበር።

ከዚያው ከአዳራሹ በር መኪና ላይ ጫኑት። ደሴ ይሁን አዲስ አበባ፣ የት እንዳደረሱት እስከ ዛሬ የነገረን የለም። የእማ ዘሀራ ስም ተሰረዘ። እናቴ ከቂጣችን እየቆረሰች በጓሮ ታቀብላቸው ነበር፤ እኛም የምንቆርሰው እያጣን ሄድን። ክረምቱ ሳይገባ ቀበርናቸው። ረሃብ ገደላቸው ተባለ። እኔ ግን የገደላቸውን እጆች አይቻቸዋለሁ፤ ሁለቱ የኔ ነበሩ። ካድሬውን እረግማለሁ፣ አባቴን ነፍሱን ይማረውና እሱንም እረግማለሁ፣ ስጨርስ እነዚህን እጆቼን አያለሁ።

ካደግሁ በኋላ በርበሬ ስነግድ፣ አንድ ጊዜ ሆነ ብዬ ጋሽ መኮንን ወደጠራው ገበያ ሄድኩ። ስሙን አልረሳሁትም ነበር። ሰዉ ከመብዛቱ የተነሳ እግሬን ከመሬት ሳላደርስ ነው የተሻገርኩት። አህያ ይጮሃል፣ ጎረምሶች የበሬ ጭራ ይዘው ይጋፋሉ፣ አንዲት አራስ ልጅዋን እያጠባች ጨው ትሰፍራለች። በዕድሜ ከእኔ ትንሽ የምታንስ ሴት ዘንድ ቁጭ ብዬ በርበሬዋን አገላበጥኩ። ያን ቀን በእናቷ ጀርባ ታዝላ ወይም እናቷን ተከትላ እዚህ ነበረች ብዬ አሰላሁ። እርጥቡን ከደረቁ ቀላቅላ ልትሸውደኝ እንደሆነ ዓይኔ እያየ ዝም አልኳት።

«ደግሞ አይከራከርም እንዴ ይሄ ሰውዬ!» አለች እየሰፈረች። «ከወዴት ነህ?»

«ከመካነ ሰላም።»

«አላውቀውም» አለችና ወደሚቀጥለው ገዢ ዞረች።