የእትዬ አልጋ እንጨት

አናጢው አዲስ እንጨት ሲያይ መጀመሪያ እንትፍ ይልበትና በአውራ ጣቱ ያሸዋል። ደረቅ እንጨት መልኩን ይደብቃል፤ ሲረጥብ ግን መስመሩም ቀለሙም ፍንትው ብሎ ይወጣል። ታላቅ እህቱ በዚህ ልማዱ ስትቀልድ፣ ማሙሽ ሰው ቤት ሲገባ ሰላም የሚለው በሩን ነው፣ ያውም ልሶ፣ ትል ነበር። ፀጉሩ ሸብቶም ለእሷ ያው ማሙሽ ነው። እናታቸው ስትሞት ገና ድክ ድክ የሚል ልጅ ነበርና፣ ልብስ እየሰፋች ያሳደገችው እሷ ናት።

ይህቺ እህቱ ታመመች። ሐኪሞቹ የሚችሉትን ሁሉ ሞክረው ሲያበቁ፣ ከእንግዲህ ቤቷ ብትሆን ይሻላል ብለው አሰናበቷት። ባሏ ያስተኛት አባታቸው ትቶላቸው በሄደው አልጋ ላይ ነበር። አልጋው ከባድና ጥቁር ቡናማ ነው፤ አባትየው ከየት እንዳመጣው የሚያውቅ የለም። አንዱ እግሩ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ ስለነበር ባልየው ጡብ ደርድሮ ደግፎታል። አናጢው ጎንበስ ብሎ አየና፣ ይሄማ አይሆንም፣ ከራሱ ዓይነት እንጨት አዲስ እግር እሠራለታለሁ አለ። የተሰነጠቀውን ነቅሎ አቅፎት ሲወጣ ደረቱን ቀለል አለው። ክፍሉ መድኃኒት መድኃኒት ይሸታል፤ ከአንሶላው በላይ የተዘረጋው የእህቱ እጅ ደግሞ የእሷ አልመስል ብሎት ነበር።

ሥራ ቦታው ደርሶ አሮጌውን ቫርኒሽ ፋቀው። ከሥሩ የወጣውን እንጨት አላወቀውም። ወርቃማ ቡናማ ነው። መስመሩ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ይቆይና ወደ ጎን ያጋድላል፣ ከዚያ ደግሞ ይመለሳል፤ ወደ ብርሃን ዘወር ሲያደርጉት የበራው ይጠቁራል፣ የጠቆረው ይበራል። ጫፉን በስለታም መሮ ልጦ ተመለከተ። ቀዳዳዎቹ ያለ መነጽር የሚታዩ ትልልቅ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ውስጥ እንደ ዱቄት ያለ ነጭ ነገር ተጠቅጥቋል። ሞሀጎኒ እንዳይለው ቅላት የለውም። ቲክ ነው ሊል ዳዳውና ደግሞ ዳሰሰው። ቲክ ሰም የተቀባ ያህል ይለሰልሳል፣ ሽታውም የአሮጌ ቆዳ ነው። ይሄ ግን ደረቅ ነው፣ ይሄ ነው የሚባል ሽታም የለው።

ዕድሜውን ሙሉ እንጨት ሲያገላብጥ ኖሮ፣ በልጅነቱ ከእህቱ ጋር የተኛበትን አልጋ እንጨት አለማወቁ ከነከነው። እግሩን በጆንያ ጠቅልሎ ከአንዱ ጣውላ ቤት ወደ ሌላው ይዞር ጀመር። አንዱ አንድ ስም ይሰጠዋል፣ ሌላው ያንን ያፈርሰዋል። አንዱ ነጋዴማ ጥድ ገዝቶ ቀለም ቢቀባው ምን እንዳለበት፣ የአልጋ እግር ጎንበስ ብሎ የሚያይ ማን እንደሆነ ጠየቀው። አናጢው እግሩን በጆንያው መልሶ ጠቅልሎ ወጣ።

በየቀኑ ወደ እህቱ ጎራ ይላል። ነገር ግን አይቀመጥም። በሩ ላይ ቆሞ ያን ቀን ስለ እንጨቱ የሰማውን ያወራላትና የሚሄድበት እንዳለ ይነግራታል። እሷም ዓይኗን ጨፍና ታዳምጠዋለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግን ሊወጣ ሲል ጠራችው።

«ማሙሽ፣ እንጨቱን ተወውና ና ቁጭ በል።»

«ልጨርሰው እትዬ። ትንሽ ነው የቀረኝ።»

«እኔም እኮ ትንሽ ነው የቀረኝ።»

ቀልድ እንደሰማ ሰው ፈገግ አለ። ብርድ ልብሱን እግሯ ላይ አስተካከለ። ነገ ተቀምጦ እንደሚያጫውታት ነገራትና ወጣ። መንገድ ላይ የማያውቀውን ሰው አጥር ተደግፎ ቆመ።

በማግስቱ አንድ ደንበኛው ወደ ጠቆመው የደን ምርምር ቢሮ ሄደ። እዚያ ያገኛት ሴት ሥራዋን የምትወድ፣ ሰው የማታስቸኩል ባለሙያ ነበረች። የእንጨቱን ጫፍ በምላጭ አስተካክላ ቆረጠችና አጉሊ መነጽሩን ለእሱም ሰጠችው። በቀዳዳዎቹ መካከል እንደ ሞገድ የሚተጣጠፉ ነጣ ያሉ መስመሮች አሳየችው። ቲክ ቢሆን የዕድገት ቀለበቱ ጎልቶ ይታይ እንደነበር አስረዳችው። ከዚያ ከመሳቢያ አንድ ቁራጭ አውጥታ ከእግሩ ጎን አስቀመጠችው፤ መንታ ነበሩ።

«ኢሮኮ ይባላል» አለች። «ከሞቃት አገር ደን የሚመጣ ነው። አዲስ ሲቆረጥ ቢጫ ነው፣ ብርሃን እያየ ይጠቁራል። ሆዱ ውስጥ ድንጋይ ስለሚቋጥር ግን መጋዝዎን ይጠብቁ።»

ስሙን ለእህቱ ሊነግራት ቸኮለ። ግን ባዶ እጁን መሄድ አልፈለገም። ባለሙያዋ የፈረሰ ቤት እንጨት የሚሸጥ አንድ ሰው ጋ የዚህ ዓይነት የሱቅ ባንኮኒ ሳይኖር አይቀርም ብላው ነበርና፣ ከእህቱ ቤት ይልቅ ወደዚያ ሄደ። ባንኮኒው ከክምሩ ሥር ተገኘ። ጥጉን ልጦ፣ በምራቁ አርሶ፣ ቢጫው ብቅ ሲል እያየ ሳለ ስልኩ ጮኸ። የእህቱ ባል ነበር። ና በቃ፣ አለው።

ከቀብሩ በኋላ ለብዙ ጊዜ ሥራ ቦታውን አልከፈተም። በኋላ ግን ባልየው ስለ አልጋው ሲጠይቀው ሄዶ ባንኮኒውን ገዛና እንጨቱን ጠረበው። መላጊያው አንድ ቦታ ድንጋይ አገኘና ስለቱ ተሸረፈ፤ ስሎት ቀጠለ። እግሩ ልክክ ብሎ ገባ። ጡቦቹን አውጥተው ሁለቱም አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ።

«ጋሼ፣ የዚያን ዕለት ምን አለች?» ሲል አናጢው ጠየቀ። ይህን ለመጠየቅ እስከዚያ ድረስ አልደፈረም ነበር።

ባልየው የአልጋውን ጠርዝ በመዳፉ ዳበስ አደረገ። «ውሃ ጠየቀችኝ። ከዚያ ማሙሽ መጣ ወይ አለች። እየመጣ ነው አልኳት።»

«አመነችህ?»

«እንጃ። ራሷን ነቀነቀች።»

አናጢው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እህቱ ከሞተች ጀምሮ ያላለቀሰውን ያን ቀን አለቀሰው፤ ባልየውም እጁን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ አይዞህም በቃህም ሳይለው አብሮት ቆየ።

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ወደዚያ ቤት ይሄዳል። የወጥ ቤቱ በር ማጠፊያው ረግቦ ወለሉን ይጭራል። ባልየው ሲከፍተውም ሲዘጋውም አናጢው ይሰማል። መሣሪያውን ግን ይዞ አይመጣም። ወንበሩን ወደ ባልየው ያስጠጋና እስኪመሽ ይቀመጣል።