ራሱ ይምጣ

ጥፋቱ የቱርክ ድራማው ነው ብዬ ባሳብብ ደስ ባለኝ። ግን እጄን ጎትቶ ከትዳሬ ያስወጣኝ የለም። በገዛ እግሬ ነው የወጣሁት፣ ይኸው እስከ ዛሬም አልተመለስኩም።

ያን ጊዜ እዚህ ስደት አገር፣ ሎውሪ በሚባል ሰፈር፣ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ቤት በነርስ ረዳትነት እሠራ ነበር። አብራኝ የምትሠራ፣ እንግልውድ ብቻዋን የምትኖር ጓደኛ አለችኝ። ብሬክ በወጣን ቁጥር ስልኳን ከውሃ ጠርሙስ ጋር አስደግፈን በአማርኛ የተተረጎመ የቱርክ ድራማ እናያለን። ብሬካችን ሠላሳ ደቂቃ ስለሆነች የተረፈውን ቤት ገብቼ ነው የምጨርሰው። ስንት መቶ ክፍል እንዳየሁ አልናገርም፤ ያሳፍራል።

ድራማው መጀመሪያ የገባው አፌ ውስጥ ነው። ባሌ "ምን ሆነሻል?" ሲለኝ ድሮ የሆዴን እዘረግፍለት ነበር። አሁን ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ "ምንም" ማለት ጀመርኩ። ድራማው ውስጥ ያሉት ሴቶች እንዲህ ነው የሚሉት፤ ሰውየውም ወዲያው ይገባውና ትከሻቸውን ይዞ ወደ ራሱ ያዞራቸዋል። የእኔው ሰውዬ ከኤርፖርት ሰው ሲያመላልስ የሚውል ሾፌር ነው። "ምንም ካልሽማ ጥሩ" ብሎ ሽንኩርቱን ይከትፋል። በንዴት ድብን እላለሁ! ቀጥሎ ደግሞ ስልክ ሲያወራ በር ሥር ቆሜ ማዳመጥ አመጣሁ። የምሰማው ስለ መኪና ጎማ ነው። አንድ ቀን ያዘኝና "አንቺ ሴት፣ ምን ሆነሽ ነው በየበሩ የምትገተሪው?" አለኝ። ወይ እኔ! ሳቅ ብዬ እውነቱን ብነግረው ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር።

ነገሩ የፈነዳው በማኅበራችን ቀን ነው። በየወሩ ተራ እየገባን በየቤቱ የምንሰባሰብበት የማርያም ማኅበር አለን። ያን ወር ባለተራዎቹ ኢስት ኮልፋክስ አጠገብ የሚኖሩ ባልና ሚስት ነበሩ። ሰዉ ወጡን ሲያመሰግን ባሌ "እኔ ቤትማ ሚስቴ ቱርክ ስለሄደች የማበስለው ራሴው ነኝ" አለ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ክፋት አልነበረውም፤ ዛሬ ሳስበው እኔንም ያስቀኛል። ያን ቀን ግን ፊቴ ነደደ። የድራማው ሴቶች ሰው ፊት ሲዋረዱ ምን እንደሚያደርጉ ደግሞ በደንብ አውቃለሁ። ተነሣሁ፣ ቀለበቴን አውልቄ የማኅበሩ ዳቦ አጠገብ አስቀመጥኩ፣ ካፖርቴን አንሥቼ አንድ ቃል ሳልተነፍስ ወጣሁ። የጎደለኝ ሙዚቃው ብቻ ነበር። አውቶቡስ ቀያይሬ እንግልውድ ጓደኛዬ ቤት ገባሁ።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ ሥራዬ። በድራማው ሰውየው ቢዘገይ ቢዘገይ በሦስተኛው ክፍል ይመጣል። ዝናብ እየወረደበት ታች ቆሞ ስሟን ይጠራል። ጓደኛዬም "ይመጣል፣ ስልኩን እንዳታነሺ፣ ዋጋሽን ይወቅ" ትለኛለች። አላነሣሁም። ሳሎኗ ከሦስተኛ ፎቅ መንገዱን ያያል፤ ሶፋውን ገፍቼ መስኮቱ ሥር አደረግኩት። መኪና ባለፈ ቁጥር ልቤ ይዘላል። አንድ ሳምንት አለፈ፣ ሁለት አለፈ። እህል አልወርድ አለኝ። አሥራ አንድ ዓመት አብሬው የኖርኩት ሰው ነው፤ እወደው ነበር። መፋታት የሚባል ነገር አንድም ቀን በሐሳቤ አልዞረም። እንደሚፈልገኝ በዓይኔ ማየት ብቻ ነበር የፈለግኩት።

በሦስተኛው እሑድ በሩ ተንኳኳ። ዘልዬ ከፈትኩ። የማኅበራችን ታላቅ የሆኑት፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አባት ናቸው፤ ሁለት ሰዎች አስከትለዋል። ሽማግሌ ልኮብኛል። እንባዬ መጣ፣ የንዴት እንባ።

"ልጄ፣ አጥፍቻለሁ ብሏል። ሰው ፊት እንደዚያ ማለት አልነበረብኝም ብሏል። ይቅር በይውና ቤትሽ ግቢ" አሉኝ።

"እሱ እግር የለውም? ራሱ ይምጣ።"

"እኛ ከመጣን እኮ እሱ መጣ ማለት ነው። አንቺ ብቻ እሺ በይን።"

"አይሆንም አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ራሱ ይምጣ።"

ሻይ እንኳ ሳይቀምሱ ሄዱ። ጓደኛዬ ከጓዳ ብቅ ብላ "ጎበዝ!" አለችኝ። እኔም እውነት ጎበዝ የሆንኩ መሰለኝ። በሚቀጥለው እሑድ ተመልሰው መጡ፤ መለስኳቸው። ለሦስተኛ ጊዜ በረዶ እየጣለ መጡ። አባት ደረጃውን እያቃሰቱ ወጥተው፣ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ።

"ልጄ፣ ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ነው። ከዚህ በኋላ የሚመጣ የለም" አሉኝ።

ጫማቸው ላይ ያለው በረዶ ምንጣፉ ላይ ይቀልጣል። እሺ ልል አፌን ከፈትኩ። ግን በመስኮቱ ወደ መንገዱ አየሁ፤ ማንም የለም። "ራሱ ይምጣ" አልኩ። አባት ኮፍያቸውን አጠለቁና "እንግዲህ እግዚአብሔር ያውቃል" ብለው ወረዱ።

ከዚያ ወዲያ ጭጭ። የመጣ የለ፣ የደወለ የለ። ሥራ ቦታ አንዲት አሮጊት እያጠብኩ እንባዬ ይፈሳል፤ እሳቸው በእርጥብ እጃቸው ጉንጬን ይጠርጉልኛል። ጓደኛዬ ድራማውን ስትከፍት ስልኩን ነጥቄ ልወረውረው ምንም አልቀረኝም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲባል እሰማ ነበር። ያቺ ሴት እኔው ሆንኩ።

ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ኩራቴን ውጬ አውሮራ ቤታችን ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ሳሎኑ ካርቶን በካርቶን ሆኗል። ሌላ ስቴት የትራክ ሥራ አግኝቶ ሰኞ ሊሄድ ነው። ከስቷል። እግሩ ላይ ወደቅኩ። ይኼኛው ድራማ አይደለም። "ስለ እመቤታችን ይቅር በለኝ" አልኩት።

ክንዴን ይዞ አነሣኝና ሶፋው ላይ አስቀመጠኝ። "እኔ አልተቀየምኩሽም" አለኝ ቀስ ብሎ። "ግን ሦስት ጊዜ እምቢ ስትይ፣ በቃ አትፈልገኝም ብዬ ቁርጤን አወቅኩ። ስንት ሌሊት አልቅሼ ነው የተቀበልኩት። እንደገና መጀመር አልችልም።"

"እኔ እኮ አንተን ነበር የምጠብቀው!" ብዬ ጮኽኩ። "አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳ ራስህ ብትመጣ ምን ነበረበት?"

እንደማያውቀኝ ሰው አየኝ።

"መጥቼ ነበር እኮ" አለ። "ሦስቱንም ቀን። ማን ያመጣቸው መስሎሽ ነው? ከሕንፃው ጀርባ ፓርክ አድርጌ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ነበር። እሺ ስትያቸው ደውለው ሊጠሩኝ፣ እኔም ወጥቼ እግርሽ ላይ ልወድቅ።"

ሥርዓቱን የማላውቅ ሆኜ አይደለም። አባቴ ለሽምግልና በተቀመጡ ቁጥር በዳዩ እስኪጠራ ድረስ ደጅ ቆሞ ሲጠብቅ እያየሁ ነው ያደግኩት። ተበዳይ እሺ ሳይል በዳይ አይገባም። ይህን ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቀዋል። ያን ሁሉ ቀን መስኮት ላይ ተጥጄ አንዴ እንኳ ትዝ አላለኝም።

"ታዲያ ለምን አልወጣህም?" አልኩት።

ቴፑን አንሥቶ ካርቶኑን ማሸግ ጀመረ።

"ሳትጠሪኝ?" አለኝ።