በሞቴ ያሉኝ ቀን

የቀድሞ ባሌ የፊት ጥርሴን ያወለቀው እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አፓርታማችን ውስጥ ነው፤ ወጥ አረረ ብሎ። ፍርድ ቤት አጠገቧ እንዳትደርስ አለውና ተገላገልኩ። በሐሳቤ ግን በየቀኑ እገድለው ነበር፤ አንዳንዴ በቢላ፣ አንዳንዴ በመኪና። ውሸት ምን ያደርጋል፣ ደስ ይለኝ ነበር።

የምሠራው ከዚያ ብዙም በማይርቀው አሌክሳንድሪያ፣ ምድር ቤት ያለ የመኪና ፓርኪንግ ውስጥ ነው። የሺፍት ጓደኛዬ የስሪላንካ ሽማግሌ ናቸው፤ አባባ እላቸዋለሁ። በወጣትነታቸው የቡድሃ መነኩሴ ነበሩ። ቢጫ ልብሱን ካወለቁ ቆይተዋል፤ ከቀትር በኋላ ግን እህል አይቀምሱም። እኛ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾመን እንበላለን፣ እሳቸው በልተው ይጾማሉ። የተገለበጠ ጾም! እኔ ደግሞ ሰው አጠገቤ ተቀምጦ ብቻዬን መብላት አልችልም። ጠቅልዬ አፋቸው ድረስ እወስድና "በሞቴ! አፈር ስሆን!" እላለሁ። ፈገግ ብለው አፋቸውን ይዘጋሉ። ምን ማለት እንደሆነ ሲጠይቁኝ ነገርኳቸው፦ እምቢ ካልከኝ ልሙት ማለት ነው፤ በሞቴ የተባለ ሰው እምቢ አይልም። "ከባድ ቃል ነው" አሉ። አልበሉም።

አንድ ቀን እንደዚሁ አኩርፌ ሳለሁ ስለ መምህራቸው ስለ ቡድሃ አጫወቱኝ። የገዢ ልጅ ነበር አሉ፤ ሽማግሌ፣ በሽተኛና ሬሳ አይቶ ቤቱን ጥሎ ወጣ። ሰው የሚሰቃየው አጥብቆ ስለሚመኝ ነው፣ ምኞቱን የለቀቀን ስቃይም ይለቀዋል ብሎ አስተማረ። ቁጡ ሰው መጥቶ ቢሰድበው፣ እንግዳ ያልበላው ምግብ የማን ነው ሲል ጠየቀው አሉ። የባለቤቱ ነዋ! አለ ተሳዳቢው። ስድብህንም አልበላሁትም፣ ይዘኸው ግባ አለው።

"አባባ፣ እኛ አገር አልበላም የሚልን እንግዳ ማን ይሰማዋል? ባሌም እኮ በግድ ነው ያጎረሰኝ፣ በቡጢ!" አልኳቸው።

አልሳቁም። "ታዲያ እስከ መቼ ታኝኪዋለሽ?" አሉኝ። ተናድጄ ጀርባዬን ሰጠኋቸው።

በሳምንቱ የቀድሞ ባሌ መጣ፣ በጠራራ ፀሐይ። የት እንደምሠራ ማን እንደነገረው እንጃ። በጸጉሬ ጎትቶ ሲሚንቶው ላይ ጣለኝና ሆዴን በእርግጫ ይለው ጀመር። አባባ መሃል ገቡ። እጃቸውን እንኳ አላነሱም፤ ዝም ብለው ከለሉኝ። አፋቸውን በቡጢ አላቸው። ወደቁ። ከወደቁም በኋላ ደገማቸው፤ መነጽራቸው ደም በደም ሆነ።

ያኔ ግድግዳው ሥር የተቀመጠውን የጎማ መፍቻ ብረት አነሣሁ። ጉልበቱን ስለው ቀው ሲል ሰማሁት። ተዘረረ። "በማርያም ተይኝ!" ይለኛል። እኔ በማርያም ስለው ሰምቶኝ ያውቃል? ብረቱን በሁለት እጄ አጥብቄ ጭንቅላቱ ላይ ላሳርፈው ከፍ አደረግኩ። እስር ቤቱም፣ ሲኦሉም አልታየኝም። አንድ ምት ብቻ ነበር የቀረው።

አባባ ከወደቁበት እየዳሁ መጥተው ሱሪዬን ያዙ። በተሰበረ ጥርሳቸው መሃል፣ በአማርኛ፣ "በሞቴ" አሉ።

እንዴት እንዳናደዱኝ! ያን ሁሉ ጊዜ ለምኛቸው አንዲት ጉርሻ ያልተቀበሉኝ ሰው፣ በገዛ ቃሌ ለዚህ አውሬ ይለምኑኛል? ደማቸው ጫማዬ ላይ ይንጠባጠባል። ጮኽኩ፣ አለቀስኩ፣ ሰደብኳቸው። ብረቱን ግን ጣልኩት።

እሱ ይኸው እያነከሰ ይኖራል። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ለጉርሻ ብዬ ያን ቃል ከአፌ አውጥቼው አላውቅም።