የእጅጋየሁ መኪና

ነገሩ ሁሉ የመጣው ከአንዲት ቃል ነው። እጅጋየሁ ከካርቱም ጭልጋ ደወለችና እናቷን ወይዘሮ ማዘንጊያን፣ «እማዬ፣ የራሴ መኪና አገኘሁ። ከእንግዲህ የሰው ቤት ሥራ በቃኝ» አለቻቸው። የሹራብ መሥሪያዋን ማለቷ ነበር። ካርቱም ግማሽ ዕድሜውን የኖረ ሰው አማርኛው ከዐረብኛው ጋር ተደባልቆበታል። እዚያ በሞተርም ይዙር በእጅ፣ ሥራ የሚሠራ ብረት ሁሉ «መከና» ነው። ጭልጋ ውስጥ ግን መኪና ያው መኪና ነው። ጎማ አለው፣ ጥሩንባ አለው፣ አቧራ ያስነሳል።

ወይዘሮ ማዘንጊያ እልል አሉ፣ ጎረቤትም ተሰበሰበ። በማግስቱ ገበያ ላይ የእጅጋየሁ መኪና ነጭ የቤት መኪና ነበረች፤ ወሬው ወንዝ ሲሻገር የጭነት ሆነች። ከሰሙት ሁሉ አጣሞ የሰማው ደግሞ ታናሽ ወንድሟ ነው፤ ስሙ ይስማው መሆኑ እስከ ዛሬ ያስቃል። በሬውን ሸጠና ጎንደር ገብቶ መንዳት ተማረ። መንጃ ፈቃድ ሲይዝ ለእህቱ ትንፍሽ ሳይል በመተማ አድርጎ ጉዞ ጀመረ። ወንድም እያላት ባዕድ እንዳይነዳላት ነዋ።

ካርቱም ውስጥ ቡሪ የሚባለው ሰፈሯ የደረሰ ቀን እህቱን አገላብጦ ሳማትና ዓይኑ ግቢውን ይዞር ጀመር። ግቢው ውስጥ ያለው አንድ የኒም ዛፍ፣ አንድ የውሃ እንስራና ጥላ ሥር የተሰጣ ክር ብቻ ነው።

«የት አቆምሻት?» አላት።

«ምኗን?»

«መኪናዋን።»

እጅጋየሁ እጁን ይዛ አስገባችው። ጠረጴዛው ላይ መርፌ የተደረደረበት ረጅም ብረት ተጋድሟል። «ይችትልህ» አለችው፤ ነገሩ ገና ስላልገባት ኩራቷ ፊቷ ላይ ይነበባል። ፊቱን ስታየው ገባት፤ ሳቋ አመለጣት። እሱ ግን አልሳቀም። መንጃ ፈቃዱን ከኪሱ አውጥቶ አየውና መልሶ ከተተው። ያኔ እሷም መሳቋን ተወች።

እዚህ ላይ ስለዚያች መኪና መናገር ያስፈልጋል፤ ከብዙ የቤት መኪና ይልቅ የምታኮራ ናትና። እጅጋየሁ ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር፣ ሲት ሱዓድ የሚባሉ ሴትዮ ቤት ስትሠራ ነው የተዋወቀቻት። ሴትዮዋ ሹራብ ይሠሩ ነበር፤ እሷ ደግሞ ሻይ ይዛ ስትገባ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ቆማ ታያለች። እጀታው በመርፌዎቹ ላይ አንዴ ሲያልፍ አንድ መስመር ይወልዳል፣ ሲመለስ ሌላ። የሴትዮዋ ዓይን እየደከመ ሲሄድ እጀታው ወደ እጅጋየሁ እጅ ዞረ። ጠቅልለው ካይሮ ሲገቡም፣ «ያንቺ ናት፣ ከእኔ ይልቅ አንቺን ትሰማለች» ብለው ትተውላት ሄዱ።

«ካርቱም ላይ ሹራብ? ለግመሎቹ ነው?» ብሎ ያላሾፈባት አልነበረም። እሷ ግን የታኅሣሥና የጥር ነፋስ ሲመጣ ማለዳ የሚንቀጠቀጠውን ተማሪ አይታለች፤ አራስ ቤት ሙሉ ቀን በአየር ማቀዝቀዣ ሲነፋም አይታለች። ዛሬ ያሾፉባት ሁሉ ልጆቻቸውን ክርስትና የሚያስነሡት በእሷ ነጭ ሹራብና ቆብ ነው። ሱዳናውያን እናቶችም በሯን ያንኳኳሉ። በላብ የሚጣበቀውን ክር ከቤተ ክርስቲያን በተረፈ የጧፍ ቁራጭ አሽታ ታንሸራትተዋለች፤ ይህን ማንም አላስተማራትም። የመኪናዋ ድምፅ ትንሽ ሲለወጥ እጇ በራሱ ይቆማል፤ ከመርፌ ያመለጠች አንዲት የክር ዓይን ሥራውን እስከ ታች እንደምትተረትረው ታውቃለች። ብቻዋን በሰው አገር ይህን ያቆመችን ሴት ያላደነቀ ሰው ምን ሊያደንቅ ነው?

ይስማው ግን ለማድነቅ ጊዜ አልነበረውም፤ እፍረት ይዞታል። ከጭልጋ በመተማ ካርቱም እየተመላለሰ የሚነግደው ባዬ እጅጋየሁ ለእናታቸው የሠራችውን ወይን ጠጅ ቀለም ሹራብ ሊወስድ ሲመጣ፣ ይስማው በር ድረስ ተከትሎ፣ «ስለ መኪናው እንዳትነግርብኝ» ብሎ ለመነው። ባዬም «አፌን ቆልፌያለሁ» አለው። ከዚያ በኋላ ይስማው ቤት መዋል ተወ። አል-ሳሃፋ የሚባል ሰፈር ውስጥ ወደ ሊቢያ ለመውጣት የሚጠባበቁ የአገሩን ልጆች አግኝቶ ከእነሱ ጋር መዋል ጀመረ። አንድ ቀን ከደጅ ሳይገባ፣

«እታለም፣ ልጆቹ ሐሙስ ይወጣሉ። እኔም አብሬያቸው ነኝ» አላት።

«አገርህ ለምን አትመለስም?»

«ሾፌር ነኝ ብዬ ወጥቼ ምን ብዬ ልግባ? ይልቅ በረሃው ሲመሽ ይበርዳል አሉኝ። ሹራብ ሥሪልኝ።»

እጅጋየሁ ልቧ ተሰነጠቀ። ለስንቱ የአገሯ ልጅ ለዚያ በረሃ ሹራብ ሠርታ በነፃ ሰጥታለች፤ ደረስን ብለው የደወሉላት ግን ጥቂት ናቸው። በአንዲት ቃሏ የመጣውን ወንድሟን በገዛ እጇ አልብሳ ልትሸኘው ነው። ማልቀስ እንደማይመልሰው ስለምታውቅ አላለቀሰችም።

«እሠራልሃለሁ» አለችው። «ግን እጅጌውንና ደረቱን በእጄ ስገጣጥም ለሐሙስ አይደርስም። የስፌት መኪና መግዛቴ ላይቀር፣ ና አብረን እንምረጥ። የሚሸከምልኝም የለኝ።»

አሮጌ የስፌት መኪና የሚሸጡት ሽማግሌ፣ አሚ ኢድሪስ፣ ያውቋታል። ሱቃቸው ሲደርሱ እጅጋየሁ ከቦርሳዋ የሹራብ ቁራጭ አወጣች። መጀመሪያ በእግር የምትመታ ጥቁር መኪና ላይ ተቀምጣ ሰፋች። ድምፅዋ ለስላሳ ነው፣ ጠረጴዛዋም ያምራል። ቁራጩን በሁለት እጇ ስትስበው ግን ክሩ ጠሽ ብሎ ተበጠሰ።

«ሹራብ ይሳባል፣ ቀጥ ያለ ስፌት አይሳብም» አለች። «የልጅ ጭንቅላት ሲገባበት ይሄዳል።»

ሁለተኛዋ በኤሌክትሪክ የምትሠራ፣ አዲስ የምትመስል ነበረች፤ ዚግዛግ፣ ሲሳብ የሚለጠጥ ጥምዝምዝ ስፌት፣ ትሰፋለች። በአንድ እጇ አነሣቻትና ወዲያው መለሰቻት፤ ቀላል ናት፣ ወፍራም ሹራብ ሲገባባት ጠረጴዛው ላይ ትጨፍራለች። ሦስተኛዋ ከባድ ብረት፣ እሷም ዚግዛግ፣ ከኋላዋ ሞተር ያላት። ቁራጩ ተሰፋ፣ ተሳበ፣ አልተበጠሰም። የእጅጋየሁ ፊት በራ። ሁለተኛ ልትሞክር ስትል ግን መኪናዋ ቀጥ አለች፣ ጣሪያው ላይ ያለው ማራገቢያም ቆመ።

«ከህረባ ማፊ» አሉ አሚ ኢድሪስ፤ መብራት መጥፋቱን የሚናገሩት ሰላምታ በሚሰጡበት ድምፅ ነው።

መብራት እንዲህ በሚጠፋበት ከተማ አትሆናትም፤ እጅጋየሁ ያቺን ብረት አንዴ ዳበሰቻትና ልትወጣ ዞረች። ይስማው እስከዚያ እጁን አጣምሮ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። አሁን መጣና ጎንበስ ብሎ የመኪናዋን መዘውር በእጁ አዞረው።

«እታለም፣ እይ፣ እዚህ ጋ የቺንጋ፣ የማዞሪያው ቀበቶ መሄጃ አላት። ሞተሯን ብናወልቀውና የጥቁሯ ጠረጴዛ ላይ ብንጭናትስ? ከላይ የዚችኛዋ፣ ከታች የዚያችኛዋ።»

እጅጋየሁ ይህን ለአሚ ኢድሪስ በዐረብኛ ነገረቻቸው። ሽማግሌው ጢማቸውን ዳሰሱና፣ «ያላ፣ ይሞክር» ብለው መፍቻ ሰጡት። ቺንጋው ረዘመ፤ ቆርጦ ቀጠለው። በመንጃ ትምህርት ቤት ስለ ሞተርና ቺንጋ የነገሩት ነገር ካርቱም ላይ፣ ባላሰበው ቦታ ጠቀመው። ፔዳሉን ሲረግጥ መዘውሩ ዞረ፣ መርፌዋ ወዲህ ወዲያ እየረገጠች ሰፋች። እጅጋየሁ ቁራጩን አወጣችና፣ «አንተ ሳበው» አለችው። ከሚገባው በላይ ሳበው። ስፌቱ አብሮ ተለጥጦ ተመለሰ።

«ካርቱም ሁሉ ይህን ልብስ ቢስበው አይበጠስም» አለችውና ለዋጋው ቦርሳዋን ከፈተች።

ሐሙስ ማለዳ ይስማው የራሱን ሹራብ ሲገጣጥም ስልኩ ጠራ። ልጆቹ ናቸው። እጅጋየሁ እጀታዋን እየገፋች ጆሮዋን ጣለች። «እጅጌው አላለቀም» አላቸው። ከሰዓት ደግመው ደወሉ። እጅጌው አልቆ ነበር፤ እሱ ግን ጎረቤት የላከችውን የሕፃን ቆብ እየሰፋ ነበር። «እናንተ ሂዱ፣ እግዜር ይከተላችሁ» ብሎ ዘጋው። እጅጋየሁ ወደ ደጅ ወጥታ የኒሙ ዛፍ ሥር ቆመች። አሁን አለቀሰች።

አንድ ነገር ግን ቀርቶ ነበር። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወይዘሮ ማዘንጊያ ደወሉ፤ ይስማው የሚፈራው ይህንን ስልክ ነው።

«ደህና ነህ ልጄ? መኪናዋን ያዝካት ወይ?»

ይስማው እህቱን አያት። የእሷ እጅ እጀታው ላይ ደርቋል። የእሱ እግር ፔዳሉ ላይ ነው፣ ከመርፌዋ ሥር የሰማያዊ ሹራብ ትከሻ አለ።

«አዎ እማዬ» አለ። «እየነዳኋት ነው።»

«ጎበዝ የኔ ልጅ። ለሰፈሩም ይህንኑ ነው የምናገረው።» ወይዘሮ ማዘንጊያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሹራቤን ለብሼዋለሁ፣ ልክክ ብሏል። ባዬ ሁሉን ነግሮኛል። ቀስ ብለህ ንዳ እሺ? ክሩን እንዳትበጥስባት።»

ይስማው ካርቱም ከገባ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ፤ «እሺ እማዬ» አለና ፔዳሉን ቀስ ብሎ ረገጠ።